ገመዱ ለማን ይዘርጋ?

ከአዲግራት ወደ ዓድዋ በሚወስደው መንገድ፣ ከቢዘት ከተማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የደብረ ዳሞ አምባ ዙሪያውን ገደል ነው። መውጫው አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ገመድ ነው። ተሳላሚው ወገቡን በጠፍር ይታሰራል። ከላይ ያለው መነኩሴ ጠፍሩን እየሳበ ያግዘዋል፤ እሱም ሌላውን ወፍራም ገመድ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እግሩን ዓለቱ ላይ እየተከለ 15 ሜትር ያህል ይወጣል። በገመድ የሚወጣው ሰው ብቻ አይደለም። መነኮሳቱ የሚበሉት እህልና የሚገለገሉበት ዕቃም በዚያው ገደል ተስቦ ነው አምባው ላይ የሚደርሰው። ገዳሙን በ6ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ እንደሆኑ ይታመናል። ትውፊቱ እንደሚለው፣ ዐፄ ገብረ መስቀል ቤተ ክርስቲያኑን ሲያሠሩ ድንጋይና እንጨት የሚወጣበት መወጣጫ አበጅተው ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ ግን በጻድቁ ፈቃድ መወጣጫው ፈረሰ። ለሸክም ሲያስፈልግ ተሠራ፣ ለአምባው ክብር ሲባል ደግሞ ተነሣ። ተራራ ላይ ሰውና ዕቃ ስለማውጣት ዛሬ ለሚነሣ ማንኛውም ክርክር ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

ክርክሩ የኬብል ካር ነው። የትግራይን ገርዓልታ የሚያህል ተራራ ያለው አገር ቱሪዝሙን እንደገና ለማንሣት ሲያስብ፣ በብረት ገመድ ላይ የሚንሸራተት ባለ መስታወት ካቢን በሐሳቡ መምጣቱ አይቀርም። ኬፕታውን ቴብል ማውንቴን በተባለው ተራራዋ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ ኬብል ካር አላት፤ የላይኛው ጣቢያ ከባሕር ወለል በላይ 1,067 ሜትር ላይ ነው። መቀሌ ግን ሜዳው ላይ ሆና ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። እነሱ ካደረጉት እኛ ምን ያንሰናል የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ የምሟገተው ግን ለሌላ ነገር ነው። የገመድ ማጓጓዣ ለተራራማው ትግራይ ይጠቅማል፤ ነገር ግን መጀመሪያ መዘርጋት ያለበት መኪና ለማይደርስበት የአምባ ገበሬ ኩንታል ነው እንጂ ለጎብኚ ፎቶግራፍ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሁለቱንም እናጣለን።

ለዚህ የመጀመሪያው ማስረጃ ከእኛው ተራሮች ማዶ ነው። ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረበት ጊዜ ከምጽዋ ወደብ እስከ አስመራ 72 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የዕቃ ማመላለሻ የአየር ገመድ አሠራ። የሠራው ቸረቲ ኤ ታንፋኒ የተባለ የሚላኖ ኩባንያ ነበር፤ ሥራው ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት አስመራ የሚወጣ፣ በዘመኑ በዓለም ረጅሙ ነበር። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1911 አስመራ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ያንኑ ጉዞ የሚጨርሰው 118 ኪሎ ሜትር ያህል ተጠማዝዞ፣ ብዙ ዋሻና ድልድይ አልፎ ነው። ገመዱ ሸለቆውን ከላይ እየተሻገረ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ አሳጠረ። ተራራ ላይ የብረት ገመድ ያለውን ብልጫ ለማሳየት እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ።

ይህ ሁሉ ብልጫ ግን ገመዱን ዕድሜ አልሰጠውም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1941 ኤርትራን ከያዙ በኋላ ሞተሮቹን፣ የብረት ገመዱንና ሌላውን መሣሪያ ፈትተው ወሰዱት፤ ምሰሶዎቹም ሲዝጉ ኖሩ። ሐዲዱም በኋላ በጦርነት ፈርሶ ነበር፤ ነገር ግን ከነፃነት በኋላ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው፣ አሮጌውን ብረት እየለቀሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ባቡሩን እንደገና አስመራ አደረሱት። ሁለቱም የቅኝ ገዢ ሥራ ናቸው። ልዩነቱ ባቡሩ ሰው የሚሳፈርበት፣ የአገሬው ሠራተኛ ሙያውን የተማረበት፣ በየጣቢያው ከተማ የበቀለበት መሆኑ ነው። ገመዱ ግን ለጦርና ለመንግሥት ዕቃ የተዘረጋ፣ ከሥሩ ያለው ሕዝብ ቀና ብሎ ከማየት በቀር ምንም ድርሻ ያልነበረው ነገር ነው። ባለቤቱ ሲሄድ አብሮ ሄደ፤ እንደ ባቡሩም አልተመለሰም። ለጎብኚ ብቻ የሚዘረጋ ገመድም ጎብኚው የጠፋ ዕለት ዕጣው ይኸው ነው። ጎብኚ እንዴት በአንድ ሌሊት እንደሚጠፋ ደግሞ ጦርነቱ ከተነሣበት ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ለትግራይ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ክርክሩ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። በከተማና በመዝናኛ ስፍራ የሚታየው ዘመናዊ ኬብል ካር በአብዛኛው ሳያቋርጥ የሚዞር አንድ የብረት ገመድ ነው። ካቢኖቹ ገመዱን በመቆንጠጫ ይይዙታል፤ ጣቢያ ሲገቡ ይለቁትና ቀስ ይላሉ፣ ሰው ይወጣል ይገባል፣ ከዚያ እንደገና ይይዙታል። ይህ ኃይለኛ ሞተር፣ የማያቋርጥ መብራት፣ የሠለጠነ የጥገና ቡድን ይጠይቃል። ሌላው ዓይነት በጣም ቀላል ነው። ሁለት ሣጥኖች በአንድ ገመድ ጫፍና ጫፍ ይታሰራሉ፤ ገመዱ አናት ላይ በመዘውር ይዞራል፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ እንደ ገበያ ሚዛን ማለት ነው። የሚወርደው ከሚወጣው በቂ ያህል ከከበደ ሞተርም ነዳጅም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ፍጥነቱን የሚገታ ፍሬን ብቻ ነው። በኔፓል ተራሮች በዚህ ዘዴ የሚሠሩ የዕቃ ገመዶች መንገድ የሌላቸውን መንደሮች ከሸለቆው መንገድ ጋር አገናኝተዋል። ልኩ በግምት የሚወርደው የሚወጣው ሦስት እጥፍ ሲሆን ነው። አትክልትና ፍራፍሬ ይወርዳል፤ ጨው፣ ዘይትና ማዳበሪያ ይወጣል።

አሁን ይህን ወደ አገራችን እናምጣው። መቀሌ ሓድነት ክፍለ ከተማ ላይ የቆመ ሰው ወደ ምሥራቅ ቢመለከት ከተማዋን ከኲሓ የሚለየውን የእንዳ ኢየሱስ ተረተር ያያል። ያን ተረተር መኪና በየቀኑ ይወጣዋል ይወርደዋል፤ ገመድ የሚያስፈልገው እዚያ አይደለም። የሚያስፈልገው መኪናው ከቆመበት በላይ ነው። ከሓውዜን ወደ መጋብና ዱግዑም የሚወስደው መንገድ በገርዓልታ ቀያይ የአሸዋ ድንጋይ ግንቦች ሥር ሥር ያልፋል፤ ከግንቦቹ በላይና ከኋላቸው ያሉ ቤቶች ግን ከመንገዱ የሚገናኙት በእግር ነው። በደጉዓ ተምቤንም፣ በእንደርታ ጠርዝም፣ በደቡብ ከአምባ ዓላጀ ግራና ቀኝም እንዲሁ ነው። በካርታ ላይ ከአስፋልቱ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚርቅ መንደር በጉልበት ሲለካ የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። አንድ ኩንታል ማዳበሪያ እንዲህ ያለ መንደር የሚደርሰው ተከፍሎ በአህያ ነው፤ አህያ የማይወጣው ቦታ ሲደርስ ደግሞ በሰው ጀርባ። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ትወርዳለች፤ ቃሬዛውን የሚሸከሙት ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ በየጥቂቱ መቀያየር አለባቸው።

በለስን እንውሰድ። በክረምት የመቀሌ አስፋልት ዳር በለስ ያልተደረደረበት ቀን የለም፤ ሻጩ በቢላዋ ሁለት ጫፉን ቆርጦ፣ ጎኑን ሰንጥቆ፣ እሾኻሙን ልጣጭ ገልብጦ ያቀርባል፤ የሓድነት ሰው ቆሞ በልቶ ያልፋል። ያ በለስ የሚበቅለው ሌላ ምንም በማይበቅልበት ጭንጫና ገደል አፋፍ ነው። ከተለቀመ በኋላ ብዙ ቀን አይቆይም፤ ሲጫን ይጨፈለቃል፤ በአህያ ወርዶ፣ መኪና ጠብቆ፣ ከተማ እስኪገባ ብዙው ይበላሻል። ከአምባ ላይ የሚወርደው በገመድ ቢሆን ሁለት ነገር ይገናኛል። በለስ የሚደርሰው በክረምት ነው፤ ማዳበሪያና ዘር የሚፈለገውም የክረምቱ እርሻ ሲጀመር ነው። ከባዱ ፍሬ ሲወርድ ቀላሉን ጆንያ ይስባል። የአጽቢው ማር፣ የደጋው ገብስ፣ የሚጠረበው የግንብ ድንጋይ ከበለስ በኋላ ያለውን ወቅት ሊሸፍን ይችላል። ይህ ለሁሉም አምባ ይሠራል አልልም፤ የሚወርድ ነገር የሌለው መንደር ሞተር ያስፈልገዋል። ነገር ግን የመጀመሪያውን ገመድ የት እንዝርጋ ለሚል ጥያቄ መልሱ ከውበቱ ሳይሆን ከጭነቱ መነሣት እንዳለበት ያሳያል።

ሰውን በገመድ ማመላለስም ቢሆን የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኮሎምቢያዋ ሜደሊን እ.ኤ.አ. በ2004 ዳገት ላይ የተቸመቸሙ የድሆች ሰፈሮቿን ከከተማ ባቡሯ ጋር በኬብል ካር አገናኘች። የቦሊቪያዋ ላ ፓስ እ.ኤ.አ. በ2014 ቀዩን መስመር ከፈተች፤ ዛሬ አሥር መስመሮች አሏት፤ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ኤል አልቶና ከታች ያለችው ላ ፓስ ሠራተኛቸውንና ተማሪያቸውን በገመድ ይለዋወጣሉ። አልጄሪያም ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ በዋና ከተማዋ በኬብል ካር ትጠቀማለች። በእነዚህ ቦታዎች ጎብኚም ይሳፈራል፤ ግን ጎብኚው ባይመጣም ገመዱ አይቆምም፣ ነጋ ጠባ የሚሳፈርበት ነዋሪ አለውና።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ገመድ ከመዘርጋት መንገድ መሥራት አይሻልም ወይ? መንገድ ሊሠራ በሚችልበት ቦታ ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርም። መኪና በሽተኛ ያደርሳል፣ መምህር ያመጣል፣ ነጋዴ ይጠራል። ነገር ግን በገደል ላይ የሚቆረጥ መንገድ ተራራውን ያቆስላል። ትግራይ በእርከንና በተከለለ መሬት ለዐሥርት ዓመታት ያዳነችው አፈር የሚታጠብበት ቦይ የሚከፍተው፣ በደንብ ያልተፋሰሰ የገጠር መንገድ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ደግሞ ናዳው መንገዱን ይዘጋል። ገመድ የሚፈልገው ለምሰሶ የሚሆን ጥቂት ካሬ ሜትር መሬት ነው። ስለዚህ ምርጫው በመንገድና በገመድ መካከል አይደለም፤ መንገዱ የት ላይ ቆሞ ገመዱ ከየት ይቀጥል የሚል ነው።

የደኅንነቱ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል፤ በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በሰሜን ፓኪስታን ባታግራም በተባለ ተራራማ ወረዳ፣ ስድስት ተማሪዎችና ሁለት አዋቂዎች የተሳፈሩበት ሣጥን ገመዱ ተበጥሶ ሸለቆ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት እየሄዱ ነበር፤ በአካባቢው መንገድና ድልድይ ስለሌለ ሰው በአገር ቤት በተሠራ ገመድ መሻገር ለምዷል። ቀኑን ሙሉ ከተደረገ ጥረት በኋላ ስምንቱም በሕይወት ተረፉ። ጣልያን ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ሞታሮኔ ተራራ ላይ የሚስበው ገመድ ተበጥሶ 14 ሰዎች ሞቱ፤ ካቢኑን ሊያቆም የሚገባው የአደጋ ጊዜ ፍሬን አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ ተብሎ ሆን ተብሎ እንዳይሠራ ተደርጎ ነበር። አንዱ የድህነት፣ ሌላው የቸልተኝነት አደጋ ነው። ከሁለቱም የሚገኘው ትምህርት ግን አንድ ነው፦ ገመድ የሚገድለው ተመርማሪና መርማሪ አንድ ሲሆን፣ ወይም ጭራሽ መርማሪ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ በዕቃ እንጀምር የምለው ለዚህም ጭምር ነው። ገመድ የሚመረምር፣ የብረቱን ክር የሚቆጥር፣ ፍሬን የሚፈትን ባለሙያ እስኪበቅል ድረስ የሚወርደው የበለስ ሣጥን ይሁን እንጂ ሕፃን አይሁን። የዕቃ ሣጥን ላይ ሰው እንዳይሳፈር መከልከልም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጥብቅ መያዝ ያለበት ደንብ ነው፤ ደክሞት ዳገቱ ሥር የደረሰ ሰው መፈተኑ አይቀርምና።

ለመሆኑ እኛ ለእንዲህ ያለ ነገር እንግዳ ነን? አይደለንም። በዓባይ ላይ ከጎንደር ነገሥታት ዘመን የቆየው ሰባራ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ከፈረሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 እስኪጠገን ድረስ የጎጃምና የቤጌምድር ሰው ክፍተቱን የሚሻገረው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ በቆሙ ጎረምሶች እየተጎተተ ነበር። ሰው ወደ ገበያ ለመድረስ ነፍሱን ለገመድ ይሰጣል። ጥያቄው ገመዱ በጎረምሳ ክንድ ይያዝ ወይስ በተመረመረ ብረት የሚል ነው።

የቱሪዝም ተሟጋቾች መልስ አላቸው፤ ገንዘቡ የሚመጣው ከጎብኚው ነው፣ ጎብኚው ያመጣው ገንዘብ ነው የገበሬውን ገመድ የሚሠራው ይላሉ። ሐሳቡ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ኔፓል ውስጥ ወደ ማናካማና ቤተ መቅደስ የሚወጣው 2.8 ኪሎ ሜትር ኬብል ካር እ.ኤ.አ. በ1998 ተከፍቶ የሰዓታት ዳገት በደቂቃዎች የሚያልቅ አደረገው፤ ተሳላሚውም በዛ። ነገር ግን በአሮጌው የእግር መንገድ ሻይ እያፈላ፣ ማረፊያ እያከራየ የሚኖረው ሰው ገበያው በላዩ በረረ። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2019 ለኪሊማንጃሮ ኬብል ካር እንዳሰበች ስትናገር ቀድመው የተቃወሙት መንገድ መሪዎቹና ተሸካሚዎቹ ነበሩ፤ ተራራው 5,895 ሜትር ከፍ ስላለና መውጫው ቀናት ስለሚፈጅ ነው እንጀራ የሚያገኙት። ገርዓልታም እንዲሁ ነው። ወደ አቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ እንግዳ ከዓለቱ ሥር ጫማውን ያወልቃል። የአካባቢው ወጣቶች ከፊቱና ከኋላው ሆነው ቀኝ እግሩን ይዘው ዓለቱ ውስጥ በተቦረቦረው መርገጫ ያስገቡለታል፤ ግራ እጁን የት እንደሚያሳርፍ ይነግሩታል። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ብቻ በምታሳልፍ ጠባብ ጠርዝ፣ ከ200 ሜትር በላይ በሚወርድ ገደል አናት ይሄድና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይደርሳል። ውስጡ ያሉት ሥዕሎች ዕፁብ ናቸው፤ ግን እንግዳው ዕድሜ ልኩን የሚተርከው መውጣቱን ነው፤ ለመንደሩም ገንዘብ የሚተወው በዚያ መውጣት ምክንያት ነው። ካቢን አናቱ ድረስ ቢያደርሰው ትኬቱን የሚቆርጠው ኩባንያ ይጠቀማል፤ እግሩን ይዘው ያወጡት የነበሩት ልጆች ግን ሥራ ፈት ይሆናሉ።

ዐቅመ ደካማ ምእመንስ? ይህ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ተቃውሞ ነው፤ ምክንያቱም እውነት አለበት። በጉብዝናቸው ወጥተው የተሳለሙትን ደብር በእርጅናቸው ከሥሩ ሆነው እየተመለከቱ የሚመለሱ አሉ። ነገር ግን ይህን የሚወስነው ኢንጂነርም ባለሀብትም አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኗና የየደብሩ አገልጋዮች ናቸው። እነዚያ ደብሮች ገደል ላይ የቆሙት መንገድ ጠፍቶ አይደለም። የቆሙት ከዓለም ለመራቅ ነው። ደብረ ዳሞ ላይ መወጣጫው ከተሠራ በኋላ መፍረሱን ትውፊቱ የሚተርከው ለዚህ ነው። አሥራ አራት መቶ ዓመት ተመርጦ የተጠበቀን ጭምትነት በአንድ የኢንቨስትመንት ፈቃድ መሻር የማንም ሥልጣን ሊሆን አይገባም። ስለዚህ የገርዓልታዎቹ የአቡነ የማታ ጉሕና የማርያም ቆርቆር፣ እንዲሁም የደብረ ዳሞ ሰማይ ከብረት ገመድ ነፃ ሆኖ ይቆይ እላለሁ።

የመብራትና የነፋስ ነገር ይቀራል። በጦርነቱ ጊዜ ክልሉ ያለ መብራት፣ ያለ ስልክና ያለ ባንክ ለረጅም ጊዜ መቆየቱን ያየ ሰው በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ ኬብል ካር ላይ የመንደሩን ኑሮ ማንጠልጠል አይመክርም፤ በክብደት የሚሠራው ገመድ እዚህ ላይ ይበልጣል። ነፋሱም ቀላል አይደለም። ከመቀሌ ብዙም ሳይርቅ አሸጎዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 የተመረቀው 120 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫ እዚያ የተተከለው ነፋሱ ስለበረታ ነው፤ ያው ነፋስ የተንጠለጠለ ካቢን ያወዛውዛል። በየትኛውም አገር ኬብል ካር ነፋስ ሲበረታ ይቆማል። ጎብኚ የያዘ ካቢን መሐል ላይ ቢቆም ድንጋጤ ነው፤ የገብስ ጆንያ ቢቆም ግን ነፋሱ እስኪያልፍ ይጠብቃል።

ከጦርነት ለወጣ ሕዝብ ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው የሚልም አለ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም ከቤቱ የተፈናቀለ ሰው ገና በመጠለያ እያለ፣ ለተራራ ካቢን ቢሊዮን ማውጣት በእርግጥ ቅንጦት ነው። ሁለት ሣጥን፣ አንድ መዘውርና ጥቂት መቶ ሜትር የብረት ገመድ ግን ቅንጦት አይደለም። መቀሌ ውስጥ ብረት የሚቆርጡና የሚበይዱ እንደ መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ያሉ ፋብሪካዎች አሉ። መሰቦ ሲሚንቶ አለ። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ትምህርት ክፍሎች አሉ። ከውጭ መምጣት ያለበት ገመዱና ጥቂት ክፍሎች ብቻ ይሆናሉ።

ስለዚህ ለክልሉ የግብርናና የትራንስፖርት ቢሮዎች፣ ለዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ማንም ለጎብኚ ኬብል ካር ውል ከመፈራረሙ በፊት፣ መኪና የማይደርስበት አንድ የአምባ መንደር ይመረጥ። ከአንድ መስከረም እስከ ሌላው መስከረም ስንት ኩንታል እንደሚወጣ፣ ስንት እንደሚወርድ፣ ስንት ሰው በቃሬዛ እንደሚወሰድ በየቀኑ ይመዝገብ። መዝገቡ የሚወርደው ከሚወጣው በቂ ያህል ይበልጣል ካለ የመጀመሪያው ገመድ እዚያ ይዘርጋ፤ ባለቤቱም የመንደሩ ኅብረት ሥራ ማኅበር ይሁን።